ባለቤቱ አይጠየቅም

የፎቁ በረንዳ ብረት ተነቅሎ ወደቀ። ሊጠግነው የወጣውን የቤቱን ባለቤት አብዱልቃዲርን ይዞት ወረደ፤ ከሥር ሆና ፒንሳ የምታቀብለውን ተከራዩን አየለችን ደግሞ ዳሌዋን ሰበራት። እሱን የዚያኑ ዕለት ቀበሩት። እሷ ጭሮ ሆስፒታል ተኝታለች።

በሦስተኛው ቀን፣ ዱዓው አልቆ ለቀስተኛው ሻይ ሲጠጣ፣ በድሪ የሟች ወንድሙን ልጅ ኢንሳፍን ወደ ጓዳ ጠራት።

«የአየለች ወንድም ከሂርና መጥቷል። ዛሬ ‹ነፍስ ይማር› እያለ ሻያችንን ይጠጣል፣ ነገ ጠበቃ ይይዛል። ደብዳቤውን ቶሎ ጻፊለት፣ አቦ!»

«ምን ብዬ?»

«ባለቤቱ አይጠየቅም፣ የሚጠየቀው ድርጅቱ ነው በይዋ! ያን ሁሉ ወረቀት የፈረምነው ለጌጥ ነው እንዴ?»

ለጌጥ አልነበረም። ኢንሳፍ ሕግ ተምራ ከሐረማያ የተመለሰች ጊዜ፣ የአባቷን ኪራይ ቤቶች የሚያስተዳድር ድርጅት በስሟ አቋቋመች። ቤቱ የአባቷ፣ ጥገናው የድርጅቱ። ተከራይ ቢጎዳ የሚከሰሰው ድርጅቱ ነው፤ ድርጅቱ ደግሞ ከአንድ ጠረጴዛ፣ ከአንድ ማኅተምና ከኢንሳፍ ስልክ በቀር ምንም የለው። ከሶ የረታ ሰው ጠረጴዛ ይወስዳል። በዚህ ትኮራ ነበር።

አባቷ ሲፈርም ስቋል። «እና ቧንቧ ሲፈነዳ ማንን ይጠራሉ?»

«ድርጅቱን።»

«ድርጅቱ መሰላል ይወጣል?»

«አባ፣ ፈርም በቃ!»

ፈረመ። ከዚያም እንደ ድሮው መዶሻውን ይዞ ከቤት ቤት መዞሩን ቀጠለ።

«አየለች ብረቱ መላላቱን ለማን ነው የተናገረችው?» አለች ኢንሳፍ።

«ለእሱ ነዋ! ለድርጅቱ ብትናገር ኖሮማ...»

«ለድርጅቱ ተናግራለች። ለእኔ።»

በድሪ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ።

«ማክሰኞ ደወለች። ‹ኢንሳፍዬ፣ ብረቱ ይነቃነቃል፣ ልጆች ይደገፉታል› አለችኝ። በጽሑፍ አቅርቢ አልኳት። ‹እኔ ልብስ ሰፊ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?› ብላ ስትስቅ ዘጋሁባት። ሐሙስ አባን ጠራችው።»

«ይሄን ማን ያውቃል?»

«እሷና እኔ።»

«እንግዲያው ዝም በይ! ለአንቺና ለወንድሞችሽ የቀረ ይሄ ቤት ነው።»

«ወንድሞቼን እኔ አናግራቸዋለሁ። በኪራዩ ትታከማለች፤ ካልበቃም ቤቱ አለ። ደብዳቤ አልጽፍም፣ አጎቴ። ይተዉኝ።»

«አሁን ወዴት ነው? ለቅሶ ጥለሽ?»

«ሆስፒታል። አባ ቢሆን ከመቃብር በቀጥታ ይሄድ ነበር።»

ሳሎን ገብታ ከአየለች ወንድም ከአዲስ ፊት ቆመች።

«አዲስ፣ ተነስ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እህትህ ጋ እየሄድን እነግርሃለሁ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። አልጠበቀችም።

የግቢው በር ማጠፊያው ስለረገበ ካላነሱት አይገጥምም። የተከራዮቹን በር ሲጠግን የኖረው አባቷ የራሱ ላይ ሳይደርስ ቀረ። ኢንሳፍ በሁለት እጇ ብድግ አደረገችውና ዘጋችው።