ካርታው ሳይገለጥ

እሁድ የልጄ የሩዋይዳ ኒካሕ ነው። ታላቋ ነዒማ ካልተገኘች ሰርጉ ለእኔ ሰርግ አይሆንልኝም። ስለዚህ ዓርብ በጠዋት ከካራቆሬ ተነስቼ ሸዋ ሮቢት ነዒማ ወደተከራየችበት ግቢ ሄድኩ።

ነዒማ ነርስ ናት። ገና የያዝኩትን ማሾ ከእጄ ሳትቀበል፣ "እማ፣ እሁድ ተረኛ ነኝ" አለችኝ።

ሊተካት የሚችለው አብሯት የሚሠራው ምናሴ ብቻ ነው፤ እሱም እዚያው ግቢ ተከራይቷል። እሱ ደግሞ እሁድ የእህቱን ልጅ ክርስትና ሊያነሱ ነውና ደብረ ብርሃን ይፈለጋል። አለቃቸው "ተስማሙና የሚሠራውን ስም አምጡልኝ" ካሏቸው ሦስት ቀን ሆኗል። አልተስማሙም።

"ዛሬ በፖከር እንጨርሰዋለን" አለች ነዒማ።

"በምን?"

"በካርታ።"

"አስተግፊሩላህ! በእህትሽ ኒካሕ ቁማር?"

"ገንዘብ የለበትም እትዬ ዙሀራ" አለ ምናሴ ከክፍሉ ብቅ ብሎ። "የምናስይዘው አንቱ ያመጡትን ማሾ ነው።"

"ማሾውን ለወጥ ነው ያመጣሁት! ዕጣ ብትጥሉስ?"

"ዕጣ ለሰነፍ ነው" አለ ምናሴ።

ነገሩን አልወደድኩትም። ግን ሌላ መላ አልነበረኝም፤ ቁጭ አልኩ። ካርታውን የምታድለው ጎረቤታቸው ጸደንያ ነበረች። ለእያንዳንዳቸው ሠላሳ ሠላሳ ፍሬ ማሾ ቆጠረችና አስረዳችኝ። ሁለት ሁለት ካርታ ደብቀው ይይዛሉ፤ ከዚያ አምስት ካርታ መኻል ላይ እየተገለጠ ይደረደራል። መኻሉ ከመገለጡ በፊትም፣ ሲገለጥም ማስያዝ ይችላሉ። በየዙሩ አንድ ፍሬ መግቢያ አለው፤ ካርታው ያላማረው ይጥለዋል፤ አለዚያ ከመኻሉ ጋር ሲገጥም የበለጠው የተያዘውን ሁሉ ይወስዳል። ማሾው ያለቀበት እሁድ ይሠራል።

እኔ ከነዒማ ኋላ ስለተቀመጥኩ ካርታዋን አያለሁ። መጀመሪያ ሰባትና ሁለት ደረሳት። "ያ ረቢ" አልኩ። ጣለችው። ቀጥሎ ዘጠኝና ሦስት፤ ጣለችው። በየዙሩ አንዳንድ ፍሬ ታጣለች። ምናሴ ግን በመጣለት ካርታ ሁሉ ያስይዛል።

"ነዒማ፣ ዛሬ ጾም ነሽ እንዴ?" ይላታል።

"ማፍጠሪያው እስኪደርስ ነው" ትለዋለች፤ ደግሞ ትጥላለች።

ማሾዋ ሲያንስ እኔ መሐረቤን አጣምማለሁ። በመጨረሻ ንጉሥና ንግሥት ያለባቸው ካርታዎች ደረሷት። "አልሐምዱሊላህ" የሚል ቃል አመለጠኝ። ነዒማ ስታስይዝ ምናሴ ወዲያው ካርታውን ወረወረ።

"እትዬ ዙሀራ፣ የአንቱን ፊት አይቼ ነው የሸሸሁት።"

ጸደንያ ሳቀች። እኔ አፈርኩ። የሆዴ ሁሉ ፊቴ ላይ ነው፤ ከልጅነቴ እንዲሁ ነኝ።

"ልነሳ ልጄ? እያበላሸሁብሽ ነው።"

"ተቀመጪ እማ" አለች፤ ዘወር ብላ እንኳ አላየችኝም።

ቀጥሎ የደረሷት ካርታዎች አንጀቴን ቆረጡት። አንዱ ላይ አንድ ነጠላ ቀይ ልብ፣ ሌላው ላይ አንድ ነጠላ ጥቁር ቅጠል። አንድና አንድ! ከሰባትና ከሁለትም የባሰ። ሻሼን ስቤ አፌን ሸፈንኩ። ምናሴ እሷን ትቶ እኔን ያያል። አራት ፍሬ አስያዘ።

ነዒማ ያላትን ማሾ በሙሉ በመዳፏ ገፋችው። መኻሉ ላይ ገና አንድም ካርታ አልተገለጠም።

"ልጄ ተይ!" አልኩ ሳላስበው።

ምናሴ ፈገግ አለ። "እናትሽ ያለቀሱለትን ካርታ ይዘሽ ልታስፈራሪኝ ነው? ይኸው፣ አለሁ።" እሱም ያንኑ ያህል ቆጥሮ አስያዘና ካርታውን ገለጠ፤ ንጉሥና ዘጠኝ። ነዒማ ሁለቱን አንዶች ዘረጋች። የምናሴ ፈገግታ ጠፋ።

ጸደንያ አምስቱን አንድ በአንድ ደረደረች። ለምናሴ የሚሆን አልወጣም።

"ምን ሆነ?" አልኩ።

"እትዬ፣ እዚህ ጨዋታ ላይ አንድ ከንጉሥ ይበልጣል" አለችኝ ጸደንያ።

የተረፈችለትን ጥቂት ማሾ ነዒማ በሁለት ዙር ወሰደችበት። ምናሴ ጭንቅላቱን ያዘ። "ያሸነፉኝ አንቱ ነዎት እትዬ ዙሀራ! ቆይ፣ ነዒማ፣ ለምን መጀመሪያውኑ ሁሉንም? ቀስ እያልሽ ብትጎትቺኝስ?"

"ጥሩ ካርታ ይዤ ባባብልህ መኻል የሚወጣው ካርታ አንተን ሊረዳህ ይችላል። ሳይገለጥ ነው የሚበልጠው የእኔ መሆኑን የማውቀው። እንድትከፍል የምፈልገው ያኔ ነው።"

 እኔ ብሆን ያን ካርታ ይዤ እስከ መጨረሻው እየፈራሁ እደብቀው ነበር። እሷ ያን ሁሉ ዙር ሲቀልድባት ታግሳ፣ ቀኑ ሲደርስ አላመነታችም። ይህን ልብ ከማን እንደወረሰች አላህ ያውቃል፤ ከእኔ አይደለም።

ምናሴ ለአለቃቸው በሚሰጠው ወረቀት ላይ ስሙን ጻፈ። "ለእህቴ ምን እላታለሁ?" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አዘንኩለት። ነዒማም አዘነች መሰለኝ፣ "የፋሲካ ተራህን እኔ እሠራልሃለሁ፤ ለዚያ ካርታ አያስፈልግም" አለችው። እሱም በእሺታ ራሱን ነቀነቀና ለሩዋይዳ እንኳን ደስ ያለሽ በሉልኝ አለ።

"ተነሽ እማ፣ ሚኒባሱ ሳይሄድ" አለችኝ።

"ልብስሽን አታዘጋጂም?"

ወደ ክፍሏ ገብታ ከበሩ ጀርባ ቦርሳዋን አነሳች። ተሞልቶ ዚፑ ተዘግቶ ነበር፤ የሩዋይዳ ስጦታም ከላዩ ታስሯል።