ለአሮጊቷ የሰፋሁላት ልብስ

ጠብታ እንዳይነካት በገዛ እጄ ሸፍኜ፣ በገመድ አስሬ፣ እየወጣሁ እየገባሁ የምጠብቃት ማሽን ሆዷ ውስጥ ያ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ? ክረምቱን ሙሉ ይህንኑ ስጠይቅ ከረምኩ። ራሴን ብቻ ብጠይቅ ደግ ነበር። እኔ ግን ጥያቄውን ይዤ ሰው ላይ ጣቴን ቀሰርኩ።

ማሽን የምላት ትንሿን የሣር ማጨጃ ትራክተራችንን ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጉልምስናው የገዛት፣ በዕድሜ ከልጅ ልጄ የምትበልጥ፣ ቀለሟ የተላላጠ ነገር ናት። ቤታችን የሚተዳደረው በእሷ ነው። የትምህርት ቤቱን ግቢ፣ የጤና ጣቢያውን፣ የኳስ ሜዳውን ሣር የምታጭደው እሷ ናት። «አሮጊቷ» እንላታለን። የልጅ ልጄ ባል ጠዋት ከግቢ ሆኖ «አሮጊቷ ዛሬም አልነሳ አለች» ሲል፣ እኔ ከጓዳ «ኧረ ተነስቼ ሻይ ጥጃለሁ» እለው ነበር። ሚጣ በሳቅ ትፈርሳለች። ቤታችን እንዲህ ነበር።

ሚጣ የልጅ ልጄ ናት። ትዳር ይዛም ከሚጣነት አልወጣችም። ጡት ሳትጥል እናቷ ስለሞተችባት እኔ ነኝ ያሳደግኳት፤ «እማዬ» ነው የምትለኝ። ለእሷ ስፈራ ልክ የለኝም። ካስነጠሰች የሳንባ ምች ይመስለኛል፣ ከዘገየች መኪና የገጫት ይመስለኛል። ባሏን በቁመቱ ምክንያት ረጅሙ እንለዋለን፤ የኛን በር ጎንበስ ሳይል አይገባም። አምና ሲጋቡ እዚሁ እኔ ጋ እንዲኖሩ የለመንኩት እኔ ነኝ። ይዟት እንዳይሄድ ፈርቼ ነው፤ ምን ይደበቃል።

በበጋው ንፋስ የአሮጊቷን መጠለያ ቆርቆሮ ገነጠለው። አዲስ ቆርቆሮ እስኪመታ ዝናብ እንዳይደርስባት ብዬ ወፍራም ላስቲክ አስመጣሁ። ወጣትነቴን መጋረጃ ስሰፋ ነው የጨረስኩት፣ እጄም አልረሳም። ለክቼ፣ ቀድጄ፣ ልክ እንደ ልብስ ሰፋሁላት። ብቻ የማርሿ ዘንግ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ላስቲኩን እየወጠረ ልብሱ በደንብ አልቀመጥ አለኝ። እኔም ለዘንጉ ማሳለፊያ ቀዳዳ አወጣሁለት። የቀዳዳውን ጠርዝ እንደ ሸሚዝ አንገት አጥፌ፣ ከቀለሟ ጋር የሚሄድ አረንጓዴ ክር መርጬ ቀመቀምኩት። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አደነቀልኝ። አንደኛዋማ ለልብስ ማጠቢያዋም እንድሰፋላት ለመነችኝ። ኮራሁ።

ክረምቱ ከገባ ብዙም ሳይቆይ አሮጊቷ ማርሽ ሲቀየርላት ማጉረምረም ጀመረች። ረጅሙ ከስሯ ተንጋሎ የካምቢዮውን፣ የማርሽ ሳጥኗን፣ የታች ብሎን ፈታ። ቀድሞ የወረደው ዘይት አልነበረም፤ ጥርት ያለ ውሃ ነው። ከዚያ ዘይቱ ተከተለ፤ ወተት የበዛበት ሻይ መስሎ፣ ወፍሮ። ውሃ ከባድ ስለሆነ ከታች እንደሚቀመጥ፣ እንዲህ ሆና ብትሠራ ጥርሶቿ ተበልተው እንደሚያልቁ ለሚጣ ሲያስረዳት ሰማሁ። ከዚያ ተነስቶ ማርሹን አየ። አጥሩ ላይ የተሰጣውን ላስቲኬን አየ። እኔን አየኝ። ሊናገር አፉን ከፈት አደረገና መልሶ ገጠመው።

እኔ ቀደምኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ የውሃ ጎማ ይዞ ያጥባት ነበርና፣ «እንደ ሳህን ስትዘፈዝፋት ከርመህ!» አልኩት። ሚጣ ቆማለች፣ ጎረቤትም በአጥሩ በኩል አንገቱን አስግጓል።

«ይሆናል፣ እማማ» አለ።

ባይክድ ጊዜ ጥፋቱን አመነ አልኩ።

ያንን ወተት የመሰለ ዘይት ደፍቶ፣ ካምቢዮውን በናፍጣ አጥቦ፣ እንዲንጠባጠብ ክፍቱን አሳድሮ፣ አዲስ ዘይት ሞላላት። ማርሹ ስር ያለው የጎማ ሽፋን በእርጅና ተሰነጣጥቆ ነበር። የእሷን ዘመን መለዋወጫ የሚሸጥ ስለሌለ፣ ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ቆርጦ ጠቀለለበት። ቅዳሜ ማጠቡንም ተወ፤ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይወለውላት ጀመር። እኔ ደግሞ ማታ ማታ ልብሷን አለብሳታለሁ።

ረጅሙ ታዲያ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር አንድ የማይገባኝ ነገር ያደርጋል። ታቹን የቆረጠው የቀለም ባልዲ አለው፤ እሱን ማርሹ ዙሪያ ላስቲኩ ስር ያቆመዋል። የሰፋሁት ልብስ መሃሉ ላይ ተነፍቶ እንደ ድንኳን ይቆማል። ስፌቱን ሊተረትርብኝ ነው ብዬ ባልዲውን አወጣዋለሁ። እሱ መልሶ ያስገባል። አንድ ቀን፣ «በቤቱ ያለሁት አንድ ጎባጣ አንሼ ነው እሷንም የምታጎብጣት?» አልኩት። ሳቀ፤ ባልዲውንም ከእጄ ተቀብሎ ወደ ጓሮ ወሰደው። በማግስቱ እዚያው ላስቲኩ ስር አገኘሁትና ቆሻሻ ላይ ጣልኩት። ለሚጣም፣ ባልሽ የአያትሽን ማሽን የቆሻሻ መጣያ አደረጋት ብዬ ነገርኳት። እንዲህ ያለውን ነገር ስነግራት በእርጋታ ነው፤ እንደምታስብ ሰው፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

አሮጊቷ እንደገና አጉረመረመች። ብሎኑ ሲፈታ እንደገና ውሃ ወረደ። ትምህርት ቤቱ ሊከፈት ሣሩ ጉልበት ደርሷል፤ ዳይሬክተሩ ካልቻላችሁ ሌላ ሰው እናመጣለን ብለው ልከዋል። ሚጣ የዚያን ቀን ባሏ ላይ ጮኸችበት። አያቴ ዕድሜውን ሙሉ ያኖራትን አንተ በአንድ ክረምት ገደልካት፣ ለሰው ንብረት የማታዝን ነህ አለችው። ቃሉ የእኔ ነበር። አንድም ሳይቀር ማድ ቤት ውስጥ እኔ የነገርኳት ነው። ድምፁ ብቻ የእሷ ሆኖ ሲወጣ ስሰማው ከፋኝ፤ ግን ተይ አላልኳትም። ረጅሙ እጁን በናፍጣ አጠበ፣ በሳሙና ደገመው፣ ሸሚዙን ቀይሮ እናቱ ቤት ሄደ። ለአንድ ሌሊት መስሎኝ ነበር። ዋል አደር አለ። ሚጣ ስልኳን ትራሷ ስር አድርጋ ትተኛለች፤ ስልኩ ግን አይጠራም። አትደውዪለትም ወይ ብላት፣ መጀመሪያ አንቺን ይቅርታ ይጠይቅ፣ እኔ ለራሴ ብዬ አይደለም አለችኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ማድ ቤቱ መስኮት ላይ ቆሜ ድንች እልጣለሁ። የአሮጊቷን ልብስ በደንብ አጥብቄ አስሬላት ስለነበር ልቤ አርፏል። ላስቲኩ በመሪውና በመቀመጫው መሃል ረግቦ ውሃ አቆረ። ይሞላና ይፈስሳል ብዬ ሳይ፣ አልፈሰሰም። ሞላ፤ ከዚያ መሃሉ ላይ፣ ዘንጉ ዙሪያ፣ ሽክርክሪት ሠርቶ ጎደለ። እንደገና ሞላ። እንደገና ጎደለ። መሬቱን ባየው የወረደ ውሃ የለም።

ቢላዋውን እንደያዝኩ ወጣሁ። ነጠላ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ጣቴን ወደ ቀዳዳው ስሰድ፣ ውሃው በአረንጓዴው ቅምቅማት ላይ ተንሸራቶ፣ ጣቴን አልፎ፣ ዘንጉን ይዞ ወደ ሆዷ ይወርዳል። ያ ውብ ስፌቴ የሰማዩን ውሃ ሰብስቦ የሚያጠጣት ማንቆርቆሪያ ነበር። ሳትሸፈን ብተዋት እንኳን ይህን ያህል ባልጠጣች ነበር።

ባልዲው ያኔ ገባኝ። ላስቲኩን ከፍ አድርጎ ውሃው በጎንና በጎን እንዲወርድ ነበር። ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቋል። አሮጊት ሴት የሠራችውን በሰው ፊት ማፍረስ ከብዶት፣ ዝም ብሎ ባልዲውን ሲያስገባ፣ እኔ እየሳቅኩበት ሳወጣ ነበር።

በዚያች ሰዓት ሮጬ ለሚጣ ብነግራት ምን ነበር? አልነገርኳትም። ላስቲኩን ፈትቼ፣ አጣጥፌ፣ አልጋዬ ስር ከተትኩት። ሚጣ ከሥራ ስትገባ የአሮጊቷ ልብስ የታለ አለችኝ። ንፋስ ወሰደው አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ። እሷም አምናኝ፣ በዚያ ዝናብ ጎረቤቱን ስታስስ አመሸች። ጉንፋን ይይዝሻል ግቢ እያልኩ በር ላይ ቆሜ እጠራታለሁ፤ ያስወጣኋት እኔው።

የረጅሙ እናት የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ላውንደሪ ውስጥ ሲተኩሱ የሚውሉ፣ ቀና ብለው የሚሄዱ ሴትዮ ናቸው። በሠርጉ ጊዜ እንኳን ለማንም ሲያጎነብሱ አላየሁም። የሥራ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ መጥተው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። በአንድ እጃቸው አንድ ጀሪካን የካምቢዮ ዘይት ይዘዋል። ሚጣ ሻይ ቀዳችላቸው፤ አልነኩትም።

«ልጄን አንተ ነህ ወይ ያጠፋኸው ብዬ ጠየቅኩት፤ አዎ አለኝ» አሉ። «እንዴት እንደሆነ አልነገረኝም። እንግዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታውንም ልጠይቅ የሚገባኝ እኔ ነኝ።»

ከወንበሩ ተነስተው ጉልበቴን ሊነኩ ጎንበስ አሉ። ትከሻቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ እኔ ራሴ ምን አልኩ?

«ምንም አይደል» አልኩ። «ልጅ ነው። ልጅ ያጠፋል።»

ይቅር አልኳቸው። በገዛ ጆሮዬ ይቅር ስላቸው ሰማሁ። ሴትዮዋ እፎይ ብለው ሻዩን አነሱ። ሚጣ ፊቷ በራ፤ እንግዲያው ዛሬውኑ ይምጣና እማዬን ራሱ ይጠይቃት አለች። እናቱም ይመጣል፣ ከፈለጋችሁ ተንበርክኮ ይጠይቃል አሉ። እኔ ያንን ረጅም ልጅ፣ በቤቴ በር ጎንበስ ብሎ ገብቶ፣ ደግሞ ፊቴ ሲንበረከክ ታየኝ። እሺ ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ሁሉም ይታረቃል፣ ሚጣም ትስቃለች፣ ማንም አያውቅም። ረጅሙም ቢሆን አይናገርም፤ እስከ ዛሬ አልተናገረም።

እሱ እንደማይናገር እርግጠኛ መሆኔ ነው የባሰብኝ።

«አይምጣ» አልኩ።

ሁለቱም አዩኝ።

«ተንበርክኮ አይምጣ ማለቴ ነው። ሚጣዬ፣ ላስቲኩን ንፋስ አልወሰደውም። አልጋዬ ስር ነው። ውሃውን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ በዚያች በቀመቀምኳት ቀዳዳ። ባልሽ የሚያስገባው ባልዲ እሱን ሊከላከል ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼም ዝም ብያለሁ።»

የረጅሙ እናት ብርጭቆውን አስቀመጡ። የሚቆጡኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

«አንድ ነገር ብሎኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እማማ ክሩን እንኳን ከቀለሟ ጋር አመሳስላ ነው የሰፋችው፣ ብታዪው አለኝ። ምን እንደሚያወራ አልገባኝም።»

ያን ጊዜ መሬቱ ቢከፈትልኝ እገባ ነበር። ብትሰድበኝ ብዬ ሚጣን አየኋት። እሷ ግን እኔን አይደለም የምታየው፤ የራሷን እጆች ነው። በእነዚያ ቃላት፣ በእኔ ቃላት፣ ባሏን ያስወጣችውን ቀን እያሰበች እንደሆነ ፊቷ ላይ ይነበባል።

«ሚጣዬ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ እኔ ነኝ እንዲህ ያስባልኩሽ» አልኳት።

ተነሳች። ጫማዋን አደረገች፤ የአንዱን ማሰሪያ ሁለት ጊዜ ሞክራ ተወችው። ስልኳን ከጠረጴዛው አነሳች። ውጭ ሰማዩ ከብዶ ነበር፣ ሹራቧም ወንበሩ ላይ ቀርቷል። ወደ ባሏ እናት ቤት ረጅም መንገድ ነው፣ በእግርም ነው፣ ይመሻል። የሚለብሱት ያዥ ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። በዚህች ሰዓት እንዲህ የማለት መብት ያለኝ አልመሰለኝም። የረጅሙ እናትም ሊከተሏት ፈልገው፣ ከወንበሩ ትንሽ ከፍ ብለው መልሰው ተቀመጡ።

ሚጣ እኔን ሳታይ በፊቴ አለፈች፤ በሩንም ክፍቱን ትታው ወጣች።