አሥራ አንድ ቁጥር የት ደረሰች?

ሄስተር ፕራግኔል የፈጣን ጀልባ እሽቅድምድም ምን እንደሆነ በቅጡ ሳይገባት ነው ለሕዝብ እንድታስተዋውቀው የተቀጠረችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዋይት ደሴት ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ የአበባ ትርዒት፣ የማዘጋጃ ቤት ጭቅጭቅና የሟቾችን ታሪክ ስትጽፍ ኖራለች። ጡረታ በወጣች በሦስተኛው ወር የደሴቲቱ ወደብ የካውዝ ጀልባ ተወዳዳሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ሻለቃ ኦብሪ ስታላርድ ቤቷ ድረስ መጥተው በር አንኳኩ።

«ወይዘሮ ፕራግኔል፣» አሉ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው እያሻሹ፣ «ሃያ ዓመት ነፍሳችንን አስይዘን ስንወዳደር አንድ ጋዜጣ ዞር ብሎ አላየንም። ባለፈው ዓመት የተጻፈልን አራት መስመር ነው። እሱም ጫጫታችን ላሞች አስደንግጧል የሚል አቤቱታ ነው።»

«የትኛው ባለጌ ነው የጻፈው?»

«እርስዎ ነዎት።»

ሄስተር ሻይ አፈላች፤ ሥራውንም ተቀበለች።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ያገኘችውን ሰው ሁሉ ስትጠይቅ ሰነበተች። በጠየቀች ቁጥር ነገሩ እየጠራ በመሄድ ፈንታ እየደፈረሰ ሄደ።

«ተመልካቹ ከባሕር ዳር ቆሞ ምን ያያል?» አለቻቸው ሻለቃውን።

«ሲነሡ ያያል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሲመለሱ ያያል።»

«በመሃልስ? ደሴቲቱን ሦስት ጊዜ እስኪዞሩ?»

«በመሃል ሳንድዊች ይበላል።»

«እሺ፤ ቀድሞ የገባው ነው አሸናፊ?»

«እንደ ምድቡ ነው።»

«ምድቡስ?»

«እንደ ሞተሩ ነው። ሞተሩ ደግሞ እንደ ክብደቱ። አይጨነቁ፣ እኛም ማታውን ነው የምናውቀው።»

ሄስተር የጻፈችውን ሰረዘች፤ እንደገና ጻፈች፤ እንደገና ሰረዘች። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ተገለጠላት። የማይታየውን ነገር ቢያንስ ማሰማት ይቻላል። በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ባሕሩን ቁልቁል በሚያዩት ሦስት አፋፎች ላይ አንድ አንድ ሰው ከነመነጽሩ፣ ስልክ አጠገብ ይቀመጣል። ጀልባ ባለፈ ቁጥር ይደውልላታል። እሷ ካውዝ ባሕር ዳር፣ ከእንጨት መድረክ ላይ ሆና በድምፅ ማጉያ ለሕዝቡ ትናገራለች። የአካባቢውን ሬዲዮ ጣቢያ ለምና ድምፅዋ በዘፈን መሃል በቀጥታ እንዲተላለፍ አስፈቀደች። ሞባይል ስልክ ገና ባልታሰበበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ሻለቃው ወሬውን ሲሰሙ ጢማቸውን ተላጭተው እንደገና ማሳደግ ጀመሩ፤ ለምን እንደሆነ የተረዳ የለም።

የውድድሩ ቅዳሜ ፀሐዩ ደህና ነበር። ሃያ ሁለት ጀልባዎች ተሰለፉ፤ ግማሾቹ ነጭ ናቸው። ከመድረኩ ሥር በታጣፊ ወንበር ላይ ዶሪን ካውች ተቀምጣለች። ባሏ ክላይቭ ከወንድሙ ከሬግ ጋር አሥራ አንድ ቁጥርን ይነዳል።

«ያሸንፋል ትያለሽ?» አለቻት ሄስተር፣ ለሬዲዮው የሚሆን ነገር ፈልጋ።

«ክላይቭ?» ዶሪን ሳቀች። «ክላይቭ እኔን ተከራክሮ እንኳ አሸንፎ አያውቅም። በሰላም ይመለስልኝ እንጂ ሃያኛ ቢወጣም ጉበት በሽንኩርት እጠብስለታለሁ።»

ተኩስ ተተኮሰ። ባሕሩ አገሳ፤ የመስኮት መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ነጭ አረፋ ብቻ ቀረ። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ሽማግሌ «አለቀ?» ብሎ ጠየቀ።

ስልኩ ጮኸ። ከምሥራቁ አፋፍ ነበር፤ አሥራ ሰባት ቁጥር ትመራለች፣ አሥራ አንድ ስድስተኛ ናት። አሥራ ሰባትን የሚነዳው ናይጄል ብራምሊ ነው፤ ዋንጫውን ሦስት ጊዜ የወሰደ ሰው። ሄስተር ተናገረች፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። በሁለተኛው ዙር ከዚያው አፋፍ ሌላ ወሬ መጣ፤ አሥራ ሰባት ቆማለች፣ የሞተሩ ክዳን ተከፍቷል፣ አፍንጫዋን ወደ ወደብ አዙራለች። «ብራምሊ ከውድድሩ ወጥቷል፣» አለች ሄስተር በማጉያው። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ውይ!» አለ፤ አንዳንዱም ከልቡ አልነበረም።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ስታን በደቡቡ አፋፍ ካለው የመብራት ማማ ደወለ። ስታን ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው።

«አሥራ አንድ አራተኛ ሆናለች! እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ነው የምትመጣው!»

«እርግጠኛ ነህ ስታን?»

«አንቺ ሴትዮ! ሠላሳ ዓመት የቤት ቁጥር ሳነብ ኖሬ አሥራ አንድን ልስታት?»

ከምዕራቡ አፋፍ፣ አሥራ አንድ ሦስተኛ። በመጨረሻው ዙር ከምሥራቁ፣ ሁለተኛ። ዶሪን ከወንበሯ ተነሣች። ታጣፊው ወንበር ራሱን አጥፎ ወደቀ፤ አላየችውም። ሬዲዮ ጣቢያው ዘፈኑን አቋርጦ ሄስተርን ብቻ ማሰማት ጀመረ። ስታን ደግሞ ደወለና «አንደኛ! አሥራ አንድ አንደኛ!» ብሎ ጮኸ፤ ሄስተር በድምፅ ማጉያው ስትደግመው ሕይወቱን ሙሉ ጀልባ ነድቶ የማያውቅ ሕዝብ ክላይቭ ካውች የእናቱ ልጅ የሆነ ይመስል ዘለለ። ሻለቃው «ቴሌቪዥን ደወለ! ቴሌቪዥን!» እያሉ መድረኩን ወጡ፤ ወረዱ፤ እንደገና ወጡ።

«ክላይቭ?» ትላለች ዶሪን ለራሷ። «የኔ ክላይቭ?»

ነጯ ጀልባ አድማሱን ሰንጥቃ መጣች። ጎኗ ላይ 11 የሚል ቁጥር ከሩቅ ይነበባል። የመጨረሻውን መስመር አልፋ ወደ መሳፈሪያው ስትጠጋ ዶሪን ሕዝቡን በክርኗ እየገፋች ወረደች። ነጂው የራስ ቁሩን እንኳ ሳያወልቅ ተጠመጠመችበት፤ በውሃ የራሰ ደረቱ ላይ ፊቷን ቀበረች።

ሰውየው ቁሩን አወለቀ። ራሰ በራ፣ ቀይ ፊት፤ ናይጄል ብራምሊ ነበር።

«ዶሪን?» አለ። «ምን ሆነሽ ነው?»

ዶሪን እጇን ከአንገቱ አላነሣችም። እጇን ማንሣት እንዳለባት ገና አልገባትም።

«ክላይቭስ?» አለች።

«ክላይቭማ እኔ ምን አውቄ? ከሁለተኛው ዙር ወዲህ አላየሁትም።»

ሄስተር ከመድረኩ ላይ ሆና የጀልባዋን ጎን አየች። 11። ደግማ አየች። ከሁለተኛው አንድ አናት ላይ ቁጥሩ የተለጠፈበት ላስቲክ ተቀዶ ተንጠልጥሏል። ብራምሊ አልወጣም ነበር፤ ክዳኑን ለመዝጋት ነው የቆመው። ረዳቱ በጎን በኩል ሲንጠላጠል በጫማው የሰባቱን አናት ገንጥሎት መሆን አለበት፤ ሰባት አንድ ሆናለች። ይህ ሁሉ በራሷ ውስጥ በቅደም ተከተል አልመጣላትም፤ ባንዴ ተደበላልቆ ነው የመጣው። አራተኛዋ ማን ነበረች? ሦስተኛዋስ? ክላይቭ እየመራ ነው ስትል የነበረው ስለ ማን ነው? እውነተኛዋን አሥራ አንድ ለመጨረሻ ጊዜ ያያት ማን ነው? መቼ? የት?

ውድድሩን የሚያጅቡት የነፍስ አድን ጀልባዎችም ሬዲዮ ሲሰሙ ነበር። ያቺ ጀልባ እየመራች ነው ከተባለ ማን ሊፈልጋት ይሄዳል?

ሻለቃው አጠገቧ ደርሰው በጆሮዋ ተናገሩ። «ማይክሮፎኑን ይዝጉት። በጸጥታ እናጣራ፤ በጸጥታ ፈላጊ እንልካለን። አገር እየሰማ ነው ወይዘሮ ፕራግኔል! ሃያ ዓመት ጠብቀን ጀልባ ቆጥረን የማናውቅ ቂሎች እንባል?»

ሄስተር እጇን ማጥፊያው ላይ አደረገች። እውነት ለመናገር ሻለቃው ትክክል ይሁኑ አይሁኑ አላወቀችም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የሷ ስሕተት ግን አፋፉንም አልፎ ባሕሩን አዳርሷል። ከመድረኩ በታች ዶሪን መሳፈሪያው ላይ ቆማ ወደሷ አንጋጣለች። ሌላውን ሰው ሁሉ ትታ ወደሷ።

ማጥፊያውን ለቀቀችው።

«ሄስተር ፕራግኔል ነኝ፣» አለች። «ስሕተት ነግሬያችኋለሁ። የገባችው አሥራ ሰባት ናት። አሥራ አንድ አልገባችም፤ የት እንዳለችም አላውቅም። ምናልባት አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም አላያትም። ነጭ ናት፤ ሁለት ሰዎች አሉባት፤ ክላይቭና ሬግ ካውች። ባሕር ላይ ሆናችሁ የምትሰሙኝ፣ በምሥራቁና በደቡቡ አፋፍ መሃል የቆመች ነጭ ጀልባ ያያችሁ ካላችሁ ለባሕር ጠባቂዎች ንገሩ። እባካችሁ። የምለው ይኸው ነው። ሌላ አላውቅም።»

ሻለቃው ባርኔጣቸውን አውልቀው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የቀሩት ጀልባዎች አንድ በአንድ ሲገቡ ያጨበጨበላቸው የለም፤ ተወዳዳሪዎቹ ምን በደልን ብለው ግራ ተጋቡ።

ከደሴቲቱ በስተደቡብ ጄም ዳውዴል የሚባል ዓሣ አጥማጅ የሸርጣን ወጥመዱን እያወጣ በትንሽ ሬዲዮው ሲሰማ ነበር። ሄስተር የተናገረችውን ሲሰማ ገመዱ ከእጁ ወደቀ። ከአንድ ሰዓት በፊት ከሩቅ ሁለት ሰዎች ከነጭ ጀልባ ላይ እጃቸውን ሲያውለበልቡ አይቷል። ጨዋ ሰው ነውና እሱም አውለብልቧል። ሲደጋግሙ ደጋግሟል። በልቡም «እነዚህ እንኳ ትሑቶች ናቸው» ብሎ ነበር።

ጀልባውን አዙሮ በረረ፤ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ መብረር ከቻለ። ሲደርስ ነጯ ጀልባ ከአፍንጫዋ በቀር ሰምጣለች፤ ሁለቱ ወንድማማቾች አፍንጫዋን ይዘው ተንጠልጥለዋል። የሬግ ትከሻ ተሰብሯል። ክላይቭ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ጄምን ያለው የመጀመሪያ ነገር በጋዜጣ አይጻፍም። ሁለተኛው ግን ይጻፋል።

«ክንዴ እስኪዝል አውለበለብኩልህ! አንተ ደግሞ ታውለበልባለህ! ልደት የምናከብር መሰለህ?»

«ሬዲዮው እየመራችሁ ነው አለ!»

«ማን? እኛ?» ሬግ ሕመሙን ረስቶ ቀና አለ። «ስንተኛ?»

ወሬው በባሕር ጠባቂዎች በኩል ካውዝ ሲደርስ ሄስተር በማጉያው «በሕይወት አሉ» ለማለት ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ድምፅዋ እምቢ አለ። ሻለቃው ተቀብለው ተናገሩላት።

ያን ዕለትና በማግሥቱ ስልኩ አላረፈም። ዘጠኝ ጋዜጦች ደወሉ፤ ቴሌቪዥኑ ሰው ላከ። ስለ ጄም ጠየቁ፣ ስለ ዶሪን ጠየቁ፣ ሄስተርን «አላውቅም» ያለችውን እንድትደግምላቸው ለመኗት። ማን አሸነፈ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ነገሩም አልተወሰነም፤ ቁጥሩ የማይነበብ ጀልባ አሸናፊ ይባላል ወይስ አይባልም በሚል ኮሚቴው ሲጨቃጨቅ አመሸ።

«ወይዘሮ ፕራግኔል፣» አሉ ሻለቃው እሑድ ጠዋት፣ ጋዜጦቹን በጉልበታቸው ላይ ከምረው። «በሃያ ዓመት ያላገኘነውን ባንድ ቀን አገኘን። ልሸልምዎት ወይስ ላባርርዎት? ባለቤቴን ጠየቅኋት፤ እሷም ግራ ገብቷታል።»

«እኔም አላውቅም ሻለቃ።»

«ብራምሊ ስሜ ወጥቷል ወይ እያለ ይጠይቃል።»

«አንዱ ላይ ወጥቷል። ‹በስሕተት የታቀፈው ሰው› ይላል።»

ከሰዓት በኋላ ሄስተር ፍርሃቷን ውጣ ወደ ካውች ቤት ሄደች። የምትለውን በመንገድ ላይ ስታሰናዳ ነበር፤ ዶሪን በሩን ስትከፍት ሁሉም ጠፋባት።

«በጥፊ ልልሽ ነበር፣» አለች ዶሪን። «ሌሊቱን ሙሉ አስቤበታለሁ። ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ባሌ አንደኛ ሊወጣ ነው ብዬ እንዴት እንደሆንኩ ታውቂያለሽ? እንደዚያ ሆኜ አላውቅም። በዚያች ሰዓት እሱ እየሰመጠ ነው። ለየትኛው ልምታሽ፣ ለየትኛው ልሳምሽ? ግቢ፣ ብርድ አታስገቢ።»

ክላይቭ ምድጃው አጠገብ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተቀምጧል። ሄስተር ይቅርታ መጠየቅ ስትጀምር እጁን አነሣ።

«ተይው፤ ሞተሩ ነው ያቆመን፣ አንቺ አይደለሽም።» ወደ ሚስቱ ሰረቅ አድርጎ አየ፤ ዶሪን ጓዳ ገብታለች። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ሁሉ ጀልባ እንዴት አድርጌ ነው ያለፍኩት?»

ሄስተር ይቀልድ እንደሆነ ፊቱን መረመረች። አይቀልድም። ያለፈው እሱ እንዳልሆነ ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ እሱ ግን ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ታዲያ ምን እንድትለው ነው የሚፈልገው? ምን ይባላል እንዲህ ያለ ነገር? ግራ እንደገባት ወንበር ሳበችና ቁጭ አለች።

«በሁለተኛው ዙር፣» አለች ቀስ ብላ፣ «በደቡቡ አፋፍ ስታልፍ አራተኛ ነበርክ።»

ክላይቭ ብርድ ልብሱን ሰብሰብ አድርጎ ወደፊት ተጠጋ። «እሺ፤ ከዚያስ?»