የእማማ ዓለምነሽ አመድ

ማርያማዊት ክምሩን በአካፋ ገለበጠችና ቀጥ ብላ ቆመች። ከሥር የወጣው ጥቁር ብስባሽ አይደለም፤ ግራጫ ነው። በጣቷ ቆንጥራ አሸት አደረገችው። አመድ! ጎንበስ ብላ ሌላውን ጥግ ጫረች፤ እዚያም አመድ። መሀሉም ያው።

«ጉድ ፈላ» አለች ለራሷ።

ጠዋት ነው የተደወለላት። ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ችግኝ የምትሸጠው ዙሌይካ፣ ለሙከራ ከዚሁ ክምር በወሰደችው አፈር ላይ የተከለቻቸው ቲማቲሞች ጫፋቸው ተለብልቦ ደረቁ አለቻት። ሶማሊኛውንና አማርኛውን እየደባለቀች፣ «አባዮ፣ እህቴ፣ እኔ አንቺን አምኜ ነው ለደንበኛ ቃል የገባሁት» ብላ ስልኩን ዘጋች። አልተቆጣችም፤ መከፋቷ ግን ከቁጣ ይብስ ነበር።

ክምሩ እኮ እንዲሁ የተገኘ አይደለም። በዚህ የሰው አገር የወደብ ከተማ መሬት ቢቆፍሩ ድንጋይና ጨው እንጂ የረባ አፈር አይገኝም። ማርያማዊት ካርቲየ 7 ቢስ ካሉት የጫት መቃሚያ ቤቶች የሚጣለውን ገረባ በየማለዳው እየሰበሰበች፣ ከፍየል በጠጥና ከዓሣ አንጀት ጋር እየደባለቀች፣ እያረጠበችና እያገላበጠች ነው አፈር የምትሠራው። መጀመሪያ ሰፈሩን ሽታው አንገሸገሸው፤ ስትመጣ አፍንጫውን ይዞ የሚስቅባትም ነበር። ዙሌይካ መግዛት ስትጀምር ግን ሁሉም አፉን ዘጋ።

አመዱን ማን እንደደፋው ለማወቅ ጠንቋይ ዘንድ መሄድ አላስፈለጋትም። የባሏ እናት እማማ ዓለምነሽ ናቸው። ከመንዝ ከመጡ ብዙም አልሆናቸው። ልጃቸው ደስታው የጭነት መኪና ሹፌር ነውና፣ ብቻቸውን ከሚኖሩ ብሎ አሳፍሮ አመጣቸው፤ እሱ ግን ውሎ አዳሩ መንገድ ላይ ነው። መንዝ የምድጃ አመድ ጓሮ ይደፋል፤ ጎመኑም ድንቹም ይፋፋበታል። የዚህ አገር ውኃ ራሱ ጨዋማ መሆኑን፣ አመድ ሲታከልበት ሥር እንደሚያቃጥል እሳቸው በምን ይወቁት? ምራታቸው ገረባ ልትሰበስብ በወጣች ቁጥር የቤቱን ምድጃ ጠርገው፣ የጎረቤቱንም ለምነው፣ ሊያግዟት ሲደፉ ከርመዋል። ማርያማዊት ይህን ስታስብ ከነንዴቷ አሳዘኗት።

ለዚያውም ትናንት፣ «ደስታው ቅዳሜ ሲመጣ ወደ አገሬ ይመልሰኝ» ብለው ጓዛቸውን መጠቅለል ጀምረዋል። እሷ ሙቀቱ አማርሯቸው ነው ብላ ነበር። አሁን ደግሞ ይህን ብትነግራቸው በሐፍረት ዛሬውኑ ይነሳሉ። እናቷን በልጅነቷ ያጣች ሴት ናት፤ ስትገባ «መጣሽ ልጄ?» የሚላት ሰው ማግኘቷ ትልቅ ነገሯ ነው። እንዲሄዱባት አትፈልግም። ክምሩን በዝምታ ጥላው «ዙሌይካ ወሰደችው» ብትላቸው ይሻላል።

እንዲህ ወስና ወደ ቤት ገባች። እማማ ዓለምነሽ ነጠላ ያጣጥፋሉ።

«እማማ፣ ምን አጠፋንብዎ?» አለቻቸው።

«እናንተማ ምን ታጠፋላችሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሳህን ላንሳ ስል፣ ይቀመጡ። ቤት ልጥረግ ስል፣ ይተዉት። ወጡ ጨው በዝቶበታል ብልሽ እንኳ ልክ ነዎት ነው መልስሽ። መንዝ ጎረቤቴ ስሳሳት ትቆጣኛለች፤ እኔም እቆጣታለሁ። እዚህ ማንም አይቆጣኝም። እንግዳ ነኛ። እንግዳ እስከ መቼ ይቀመጣል?»

ማርያማዊት ምራት ማለት እንዲህ ነው እየተባለች ስትመሰገንበት የኖረችው አክብሮት አሮጊቷን ከቤት እየገፋቸው ኖሯል። ደጅ ያለው ክምር ትዝ አላት። እሱን መደበቅም ያው ሌላ «ይቀመጡ» ነው።

እጃቸውን ይዛ ወደ ግቢው አወጣቻቸው።

«ይህን አመድ የደፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ እንዲፋፋልሽ ብዬ» አሉ ፊታቸው ትንሽ በራ ብሎ።

ያ ፊት አንጀቷን በላው። ቢሆንም ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ታዲያ ሳይጠይቁኝ ለምን ይደፋሉ? ክምሬን እኮ አበላሹብኝ! የዙሌይካ ችግኝ ተቃጠለ። ይሄ መንዝ አይደለም፣ እማማ፤ እዚህ አመድ መርዝ ነው።»

አሮጊቷ ክምሩን አዩ፣ እሷን አዩ። ማርያማዊት ይቅርታ ልትል ቃጥቷት ዋጥ አደረገችው።

«ለዙሌይካ እውነቱን እነግራታለሁ» አለች። «አዲስ ገረባና በጠጥ እየጨመርን በትንሽ በትንሹ እንደባልቀዋለን። ብቻዬን አልችለውም። ያበላሹት እርስዎ ነዎት፤ የትም አይሄዱም፤ ያገላብጡታል።»

እማማ ዓለምነሽ መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«ሰማሁሽ፤ ጎረቤት እስኪወጣ መጮህ ምን አመጣው?» አሉ ኮስተር ብለው። «ደግሞ አካፋውን ስትይዢው አይቻለሁ፤ እንዲህ ከሆነ ወገብሽ አይተርፍም። አምጪው ወዲህ።»

ማርያማዊት «ይተዉት፣ ይደክምዎታል» ልትል አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችውና አካፋውን ሰጠቻቸው።