የሁለት አኩራፊዎች ጣቢያ

የጣቢያው አለቃ ያን ጠዋት የትኬት መስኮቱን ከፍቶ ወደ ውጭ ሲመለከት መጀመሪያ ያየው የገዛ ሚስቱን ነው። አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ከእግሯ ሥር ትልቁ የጨርቅ ሻንጣ አለ፤ ከሠርጋቸው ወዲህ ከአልጋ ሥር ወጥቶ የማያውቀው። አለቃው ሲደነግጥ የሚቆጣ ሰው ነውና መስኮቱን መልሶ ጓ አድርጎ ዘጋው።

«ትኬት ቁረጥልኝ» አለችው ከውጭ።

«መስኮቱ ዝግ ነው።»

«አሁን አልነበር እንዴ የከፈትከው?»

«አሁን ደግሞ ዘጋሁት!»

ከዚያ ወዲያ ጸጥ አለች። ብትጮህ ይሻለው ነበር፤ ጩኸቷን ያውቀዋል፣ ማብረጃውንም ያውቃል። ዝም ማለቷ ግን አስፈራው። ሌላ መንገደኛ መጥቶ እንደሆነ በመስኮቱ ስንጥቅ አጮልቆ አየ። ማንም የለም። «ተመስገን» አለና ከግድግዳው ላይ ቁልፉን አንስቶ ኪሱ ከተተው።

የዚህ ጣቢያ ነገር ከሥሩ ካልተነገረ አይገባም። መንደሯ ትንሽ ናት፤ ባቡሩ ጠዋት ወደ ከተማ፣ ከሰዓት በኋላ ከከተማ ያልፍባታል። የሚቆመው ግን ሲለመን ብቻ ነው። ከመድረኩ ጫፍ አንድ ምሰሶ አለ፤ ምሰሶው ላይ ክብ ቀይ ሰሌዳ በጓጉንቸር ታስሯል። መንገደኛ ካለ ሰሌዳው ተፈትቶ ወደ ሐዲዱ ይዞራል፣ ባቡሩም ይቆማል። መንገደኛ ከሌለ ባቡሩ እየጮኸ ያልፋል። ትኬት የሚቆርጠው አለቃው ነው፤ ሰሌዳውን የሚያዞረው ደግሞ ከሐዲዱ ማዶ ባለችው አንዲት ክፍል የሚኖረው ሐዲድ ቀያሪው። ሌላ ቦታ ቢሆን አለቃው «ሰው አለ፣ አዙር» ይላል፣ ያኛውም ያዞራል፤ ነገሩ በዚሁ ያበቃል። እዚህ ግን ሁለቱ አይነጋገሩም። ስለዚህ አለቃው ትኬት ሲቆርጥ ቁልፉን ከበሩ ጎን ባለው ምስማር ላይ ይሰቅላል። ሐዲድ ቀያሪው ከማዶ አይቶ ይመጣል፣ ፊቱን አዙሮ ቁልፉን ያነሳል፣ ሰሌዳውን ያዞራል፣ ቁልፉን መልሶ ይሰቅላል፣ ይሄዳል። አንዲት ቃል ትንፍሽ ሳይሉ ስንት ዓመት ባቡር አቁመዋል!

ሐዲድ ቀያሪው የአለቃው ሚስት ወንድም ነው። ጠቡ የተነሳው የቀድሞው አለቃ ጡረታ የወጣ ጊዜ ነው። ቦታው ለሐዲድ ቀያሪው እንደሚሆን መንደሩ በሙሉ ያውቅ ነበር፤ በሥራውም ቀዳሚ እሱ ነበር። ታዲያ አንድ ደግ ሰው ዋናው መሥሪያ ቤት ድረስ ሄዶ «እሱ እኮ በሥራ ሰዓት ይጠጣል» ብሎ ሹክ አለ። ያ ደግ ሰው ማን እንደሆነ በይፋ አይታወቅም። የሚታወቀው ባለ ቀይ ጠርዙን ቆብ በሳምንቱ ማን ጭንቅላቱ ላይ እንደደፋው ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ሆድና ጀርባ ሆኑ፤ መሀል ላይ የቀረችው ሴትዮዋ ናት። አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመው እንኳ በእሷ በኩል ነው የሚነጋገሩት። «ንገሪው» ይላል አንዱ፤ «በይው» ይላል ሌላው። አለቃው «ያንን ደንቆሮ መቀየሪያውን ቅባት ያስነካው በይው» ሲላት፣ ሐዲዱን ተሻግራ «ወንድሜ፣ እንደምን አደርክ ብሎሃል፤ ሲመችህ ቅባቷን እንዳትረሳት» ትላለች። ወንድሟ «ለዚያ አሳባቂ ባልሽ፣ ቅባቱን ራሱ ይላሰው በይው» ሲል፣ ተመልሳ «እሺ ብሎሃል» ትላለች። መርዙን እሷ ትውጠዋለች፣ ለእነሱ ውሃ ውሃውን ታቀብላለች። ሁለቱ ጅሎችም ይህን ሳያውቁ ኖሩ። እንዲያውም አለቃው «ፈርቶኛል፣ ቀና ብሎ አይመልስልኝም» እያለ ይኮራ ነበር። ያኛውም ማዶ ሆኖ ያንኑ ያስብ ነበር።

ትናንት ምሳ ላይ አለቃው አፉን ጠርጎ ተነሳና «ንገሪው» አለ። «ያንን ክፍል እስከ ወሩ መጨረሻ ይልቀቅልኝ። ለዕቃ ማስቀመጫ ፈልጌዋለሁ። ሰካራም የትም ያድራል።»

ሚስቱ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ወንድሟ ሌላ ቤት የለውም።

«እንዳልከው ልንገረው?»

«እንዳልኩት!»

ሄደች፤ እንዳለውም ነገረችው። አንዲት ቃል አልቀነሰችም፣ አንዲት ቃል አላለሰለሰችም። ወንድሟ በሩን በቡጢ መታ። የተቆጣው ግን በእሷ ላይ ነው። «አንቺ ነሽ አፍሽን ሞልተሽ ይህን የምትነግሪኝ? የእናቴ ልጅ? ሂጂና ለዚያ ሌባ በይው፦ ቆቡን ከጭንቅላቴ ላይ ሰርቆ ነው የደፋው፤ ክፍሌን የነካ ቀን መዶሻዬ አናቱ ላይ ያርፋል!» እሷም ተመልሳ ይህንኑ ሳታጎድል አደረሰች። አለቃው እንደ እሳት ነደደ። «ይህን ከራስሽ ጨምረሽ ነው! እሱ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም! ለወንድምሽ አድልተሽ ልታዋርጂኝ ነው!» አላት። ቤቱን በጩኸት አናጋው። እሷ እጇን ታጠበች፣ አደረቀች፣ ገብታ ተኛች። ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ አልጋው ላይ አልነበረችም።

አሁን ባቡሩ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። አለቃው ኪሱ ውስጥ ቁልፉን እየዳበሰ ወደ መድረኩ ወጣ። ከሚስቱ ፊት ቆመና ሻንጣውን ተመለከተው እንጂ እሷን አላያትም።

«ዶሮዎቹን ማን ሊያበላ ነው?»

«አንተ እጅ የለህም?»

«የት ነው የምትሄጂው?»

«ታላቅ እህቴ ጋ።»

«ባቡሩ ዛሬ አይቆምም» አላት። «መንገደኛ የለም።»

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

«ትኬት ያልያዘ መንገደኛ አይደለም። ደንብ ነው።»

ሚስቱ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ደስ አይልም ነበር። አለቃው «አትሂጂ» ማለት ፈልጎ ነበር። እንዲህ ያለ ቃል ተናግሮ የማያውቅ ሰው ከየት ያመጣዋል? በምትኩ «ጎረቤት ምን ይላል?» አላት። ሻንጣዋን ወደ እግሯ ሳብ አደረገች።

ይህን ጊዜ ሐዲድ ቀያሪው ከማዶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ምስማሩን አየ፤ ባዶ ነው። እህቱን አየ፤ ከነሻንጣዋ ናት። አማቹን አየ፤ እጁን ኪሱ ከቶ እንደ ግንብ ቆሟል። ነገሩ ገባው፤ ሲገባው ደግሞ ፊቱ በደስታ በራ። መዶሻውን አነሳና ሐዲዱን ተሻግሮ በቀጥታ ወደ ምሰሶው ሄደ። ጓጉንቸሩን አንድ ጊዜ መታው። ሁለተኛ ሲደግመው ጓጉንቸሩ ተሰብሮ ወደቀ። ሰሌዳውን አዞረው።

አለቃው ቆቡን በአንድ እጁ ይዞ ሮጠ። ደርሶም ሰሌዳውን ጨመደደው።

«እጅህን አንሳ!»

«አንተ አንሳ!»

ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ፊት ለፊት የተነጋገሩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። መንደሩ ቢሰማ እልል ይል ይሆናል፤ የሚያስቅ ነገር ግን አልነበረውም። አንዱ ወደ ሐዲዱ ያዞራል፣ ሌላው ይመልሳል።

«የመንግሥት ንብረት ሰበርክ! አሳስርሃለሁ!»

«አንተ የሰው እንጀራ ሰብረህ ማን አሰረህ?»

«ሰካራም!»

«አሳባቂ! ሂድና ደግሞ አሳብቅ፤ መንገዱን ታውቀዋለህ!»

አለቃው በክርኑ ደረቱን ገፋው፤ ያኛው በትከሻው መለሰለት። ቆቡ ወድቆ ከእግራቸው ሥር ተረገጠ። ባቡሩ በመታጠፊያው ብቅ ሲል ነጂው አንዴ ቀይ ያያል፣ አንዴ ምንም አያይም። ፍሬን ያዘ። ብረት በብረት ላይ ሲያፏጭ መንደሩ ሁሉ ሰማ። ባቡሩ መድረኩን ጥቂት አልፎ ቆመ። ነጂው ግማሽ አካሉን አውጥቶ ጮኸ፦

«ምን ጉድ ነው? ቁም ነው ወይስ እለፍ? እዚያው ተፋጁና ጨርሱት እንጂ እኛን ለምን ትገድሉናላችሁ!»

ተሳፋሪው በየመስኮቱ አንገቱን አሰገገ። አንዱ ሳቀ፣ ሁሉም ተከተለው። ሴትዮዋ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ባቡሩ መራመድ ስትጀምር ሁለቱም ሰሌዳውን ለቀቁት።

ወንድሟ ቀድሞ ደረሰባት። «ወዴት ነው? ሻንጣሽን ስጪኝ፣ እኔ ቤት ግቢ። የሚያበስልልኝ እንኳ የለም።»

«ሰሌዳውን ያዞርክልኝ እንድሄድ አልነበረም?»

«እሱ እርር እንዲል ነው እንጂ አንቺ ሂጂ መቼ አልኩ?»

ሻንጣውን መሬት አስቀመጠች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ በመስኮት የተንጠለጠለው ሰው ግን ሁሉንም ሰማ።

«እናታችን የሞተች ጊዜ እሱ መጥቷል ብለህ ከበር ተመለስክ። ያለ አንተ ቀበርኳት። አፈር ስትለብስ በወንድም ቦታ አጠገቤ የቆመው የጎረቤት ሰው ነበር፤ አንተ አይደለህም።» ወደ ባሏ ዞረች። «አንተም፣ ያ ቆብ በምን እንደመጣ ካወቅሁ ቆየሁ። እጄ የለበትም ብለህ በእናትህ ስም ምለህልኝ ነበር። አውቄም ዝም አልኩ፤ ቤቴ እንዳይፈርስ። የአንተን ስድብ ምርቃት እያደረግሁ፣ የሱን እርግማን ሰላምታ እያደረግሁ ሐዲድ ስሻገር ኖርኩ። ትናንት አንድ ቀን እንደወረደ ብነግራችሁ ሁለታችሁም በእኔ ላይ ተነሳችሁ። እኔን ነው የምትጠሉት ማለት ነው። እርስ በርሳችሁማ ትግባባላችሁ፤ አሁን አየሁ፣ አፍ አላችሁ።»

ሐዲድ ቀያሪው መዶሻውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። አለቃው ግን የሚይዘው ሲያጣ ደንቡን ያዘ። ከባቡሩ ለወረደው ትኬት ፈታሽ «ትኬት የላትም!» ብሎ ጮኸ። «ትኬት የሌለው ሰው ከዚህ ጣቢያ አይሳፈርም! እኔ አለቃው ነኝ!»

ፈታሹ ሽበት የወረሰው፣ ነገር የሰለቸው ሰው ነው። አንዴ የተረገጠውን ቆብ፣ አንዴ ሴትዮዋን አየ። «ትኬት የሚቆርጠው ማነው?» አለ።

አለቃው ዓይኑን ወደ ሐዲዱ አዞረ።

«አለቃ፣ እየጠየቅሁህ ነው። እዚህ ጣቢያ ትኬት የሚቆርጠው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ግባና ቁረጥላት። ሥራ አለብን።»

አለቃው እምቢ ማለት ይችል ነበር። «መስኮቱ ዝግ ነው» ቢል ባቡሩ ጥሏት ይሄዳል። ሚስቱ ሻንጣዋን ይዛ በእግሯም ቢሆን እንደምትሄድ ግን ፊቷ ላይ አየ። ደግሞ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ትንሽ ሐሳብ፣ ከዚያች በቀር ሌላ አልነበረውም። ቢሮው ገባ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ራሱ ባዶ እንደሆነ ታወቀውና በእጁ ፀጉሩን ደባበሰ። መስኮቱን ከፈተ።

ሚስቱ እንደ ማንኛውም መንገደኛ መጥታ ቆመች። ከዚህ ወንበር ላይ ሆኖ አይቷት አያውቅም። ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ መቼ እንደጠቆረ ሊያስታውስ ሞከረ፣ አላወቀም። «ቅሪልኝ» ሊል አፉን ከፈተ። ተሳፋሪው እያየ ነው፣ ፈታሹ እያየ ነው፣ አማቹም ከወዲያ እያየ ነው። ከሁሉ በላይ አማቹ ማየቱ ቃሉን መልሶ አስዋጠው።

«ወዴት?» አላት።

«ከተማ።»

እጁ ወደ ትኬቶቹ ሄዶ መሀል ላይ ቆመ። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ለመንገደኛ ሁሉ አንገቱን ሳያቀና ነበር የሚጠይቀው። ዛሬ አንገቱን አቀና። ከአፉ የወጣው ድምፅ የራሱ አልመሰለውም።

«ደርሶ መልስ ነው?»

ነጂው ጡሩምባውን ነፋ። ሚስቱ አላየችውም እንዳይል ዓይን ዓይኑን እያየችው ነው። ጥያቄው ምን እንደሆነ ገብቷታል፤ አለቃውም እንደገባት አወቀ። ጠበቃት። ፈታሹም አላጣደፋቸውም።

«መሄጃ ብቻ» አለችው።

ቆረጠላት።