ሬዲዮ ከቤት ስትማር

አንድ ጸጉር አስተካካይ አሥረኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለችው። አፏ ስለማያርፍ ቤተሰቡ «ሬዲዮ» ይላታል። አስተማሪዎቿ ቦታ ቢያቀያይሯት፣ ከግድግዳ ጥግ ቢያስቀምጧት ለውጥ የለም። ውጤቷም እያሽቆለቆለ መጣ።

ትምህርቱን ቤት ሆና በኢንተርኔት ትከታተል ያለው አባት ነው። የምታዋራው ሰው ስታጣ ትማራለች ባይ ነው። እናት ነርስ ናት፤ ሐሳቡ አልተዋጠላትም። ልጅቷን የማያውቃት ይመስል እንዴት እንዲህ ያስባል ብላ ተሟገተችው። በመጨረሻ በትምህርት ቤቱ እረፍት ሰሞን ይሞከር ተባለ።

ጸጉር ቤቱ የቤታቸው የፊት ክፍል ነው። በመጀመሪያው ቀን አባት ከጓዳ ጭቅጭቅ ሰማና ምላጩን እንደያዘ ገባ። ልጅቷ ብቻዋን ነበረች። የምትጨቃጨቀው ላፕቶፑ ላይ በቪዲዮ ከተቀረጸው የባዮሎጂ አስተማሪ ጋር ነው።

«ጥያቄ ይጠይቀኛል» አለች ተናዳ፣ «ስመልስለት ጆሮ ዳባ ልበስ።»

በማግስቱ ብቸኝነቱን አልቻለችም፤ ላፕቶፑን ታቅፋ ጸጉር ቤቱ መጣች። ወንበሩ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ ሹፌር ፊታቸው በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ተቀምጠዋል። ከምላጭ ሥር ያለ ሰው የት ይሄዳል? ደም በልብ በኩል እንዴት እንደሚዘዋወር ከሀ እስከ ፐ አስረዳቻቸው። ከዚያ ፈተነቻቸው። ሹፌሩ መናገር ስለማይችሉ በጣታቸው መለሱ።

ሰውዬው ጺማቸው ሳይበቅል ተመልሰው መጡ፤ የኩላሊቱ ትምህርት እንዳያመልጣቸው ነው። ጓደኞቻቸውንም አስከተሉ። ወንበሩ ሁሉ በማይላጭ ሰው ተያዘ። አንዱ ደንበኛ ደግሞ ፈተና መኖሩን ሲሰማ ከበር ተመለሰ። አባት ግራ ገባው፤ ገበያው ቀዘቀዘ፣ ልጁ ግን ባዮሎጂውን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች።

እናት ከሥራ መጥታ ይህን ጉድ ቁጭ ብላ ተመለከተች። ነገር ግን አንድ ነገር አስተዋለች፤ ሬዲዮ ሒሳብ ስትከፍት ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ድምጿም አይሰማም። ማታ ምክንያቱን ጠየቀቻት።

ልጅቷ ላፕቶፑን ከደነች።

«ሒሳብ አይገባኝም፣ እማዬ። እዚህ አስተማሪውን አቁሜ አሥሬ አስደግመዋለሁ። ክፍል ውስጥ ይድገሙልኝ ብል ይስቁብኛል። ለዚህ ነው በሒሳብ ሰዓት ወሬ የማበዛው።»

አባት በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ያን ሁሉ ወሬ ሲሰማ ኖሮ ይህችን አንዷን አልሰማም።

ውሳኔው ከዚያ በኋላ አልከበደም። ሒሳብን ከቤት በኢንተርኔት፣ ሌላውን ከሰው ጋር ክፍል ውስጥ እንድትማር ከትምህርት ቤቱ ጋር ተስማሙ። በተርሙ መጨረሻ ሒሳብ አለፈች፤ ልቃ አይደለም፣ ግን አለፈች። የሌሎቹ አስተማሪዎች ስሞታ እንደቀጠለ ነው።

ሒሳብ ስትይዝ ቤቱ ጭር ይላል። አባት ጸጥታውን ገና አልለመደውም፤ በየመሀሉ በሩን ገርበብ አድርጎ መኖሯን ያረጋግጣል።