በቀትር የተበሳ ፓራፋንጎ

ባሌ ሙመድ የተኛሁ መስሎት ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት አብሮኝ ኖሮ፣ የምሬን ስተኛ እንደማንኮራፋ ረሳው። ሰኞ ቀትር ነው። ድሬ ውስጥ በዚያ ሰዓት የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ሰው ሁሉ ጋደም ይላል። እሱ ቀስ ብሎ ተነስቶ ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ግቢያችን ውስጥ ትራፓኖ ጮኸ። ብረት ሲበሳ ድምፁን አውቀዋለሁ። ዝም ማለት አልፈጠረብኝም፣ ሰፈሩ ምስክሬ ነው፤ ያን ቀን ግን ወላሂ ትንፋሼን ውጬ ተኛሁ።

ለምን እንደተደበቀ ልንገራችሁ። ሙመድ ባትላሜራ ነው፤ የተጨማደደ መኪና ቀጥቅጦ እንደ አዲስ ሲያደርግ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። አምና ስትሮክ መታው። እግሩ ተመለሰ፣ አፉም ተመለሰ፣ ያውም ከሰላምታ በፊት ስድቡ ነው የተመለሰው። ቀኝ እጁ ግን ይንቀጠቀጣል። ያንን እጅ ሰው እንዳያይበት ብሎ ጋራዡን ተወው። ከእኔ በቀር ሰው ፊት ሻይ አይጠጣም። ግቢ ውስጥ ቁጭ ሲል እንኳ የውጭውን በር ይቆልፋል። ሰፈራችን ሳቢያን ውስጥ በቀን በሩን የሚቆልፍ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም፣ ጎረቤቱ ብር ማተም የጀመርን ሳይመስለው አልቀረም።

መኪናችን የድሮዋ ላንድክሩዘር ናት፣ አጭሯ። ሳንጋባ በፊት ከወደቀችበት አንስቶ አካሏን በእጁ ነው የሠራው። ለሰርጌ የመጣችልኝም እሷ ናት፣ ያኔ በር አልነበራትም፣ ቬሌን በጥርሴ ይዤ ነው የሄድኩት። አሁን የምትነዳት ልጃችን ኢፍራህ ናት። የእንስሳት ሐኪም ነች፣ በየሳምንቱ ገጠር ሐርላ ድረስ እየሄደች ፍየል ትከትባለች። ለዚያ መንገድ ብላ ሰፋፊ ጎማ አስገባችላት። ጎማው ከፓራፋንጎው፣ ከላይ ከሚሸፍነው ብረት፣ አልፎ ወጣ፣ ጠጠር እየረጨ የመኪናዋን በር ፈጀው፣ ትራፊክም አስቁሟት «ይሄን ሸፍኚው» አላት። እሷም ፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ የሚገጠሙ አራት ጥቁር ፕላስቲኮች ከጅቡቲ አስመጣች። ቅስት ናቸው፤ እኔ ቅንድብ አልኳቸው፣ ቅንድብ ሆነው ቀሩ።

«ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ወልዴ መጥቶ ይገጥመዋል» አለች ኢፍራህ። ወልደ ማርያም የሙመድ የጋራዥ ጓደኛ ነው፣ አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፣ ሁለቱ ከልጅነት ጀምሮ ሲሰዳደቡ ነው ያረጁት።

«የኔን መኪና ወልዴ ሊበሳት?» አለ ሙመድ።

«አንተ ትበሳታለህ አባ?»

እጁን ጉልበቱ ሥር ደበቀው። ያኔ ልጄን በጥፊ ያላልኳት ትልቅ ሴት ስለሆነች ብቻ ነው።

እንግዲህ ሰኞ ቀትር በድብቅ የወጣው ለዚህ ነው። ኋላ እንደነገረኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ ግቢ ያቆየውን የፊት ቀኙን ቅንድብ ፓራፋንጎው ላይ አስደግፎ፣ ቀዳዳዎቹን በእርሳስ ምልክት አድርጎ፣ ስምንት ቦታ በሳ። የበሳውን ዳር ዳር እንዳይዝግ ቀለም ቀባና እስኪደርቅ ብሎ ተወው። ገብቶ አጠገቤ ሲጋደም ላብና ብረት ይሸታል። ማታ እራት ሁለት ጊዜ አስጨመረኝ። ደስታው ያሳዝነኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ማክሰኞ በጠዋት፣ ገና ሳይሞቅ፣ እኔንና ኢፍራህን ጠራን። በሩ እንደተቆለፈ ነው። «ኑ እዩ» ብሎ ቅንድቡን አነሳና የመጀመሪያውን ብሎን አስገባ። ሁለተኛውም ገባ። ሦስተኛው አንገራገረ። አራተኛው ግማሽ ገብቶ ቆመ። የመጨረሻዎቹማ የፕላስቲኩ ቀዳዳ ሌላ ቦታ፣ የብረቱ ቀዳዳ ሌላ ቦታ። ሊገፋው ሞከረ፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ብሎኑ ወድቆ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ማንም አላነሳውም።

«እጄ ነው» አለ።

«አባ፣ ጋሽ ወልዴ ነገ ያስተካክለዋል፣ አብሽር» አለች ኢፍራህ። ልታጽናናው ነው፤ ግን ባትለው ይሻል ነበር።

ሙመድ ትራፓኖውን ሽቦውን ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ይሄን ለወልዴ ስጪው። መዶሻዎቹንም። እኔ ጨርሻለሁ።» ቅንድቡን ፈትቶ መሬት ላይ ጥሎት ገባ። በትዳራችን ሙሉ ተቆጥቶ አይቼዋለሁ፣ አኩርፎ አይቼዋለሁ፣ ተሸንፎ ግን አይቼው አላውቅም።

መጋላ ገበያ ወዳለው የልብስ ስፌት ሱቄ ሄድኩ። አንድ ቀሚስ ሁለት ጊዜ አበላሸሁና ዘግቼ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ ቀትር ሆኗል፣ ሰፈሩ ጭር ብሏል። ሙመድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተጋድሟል። ትራፓኖው በር ሥር ነው። ደሜ ፈላ። ሰው ላይ እንዳልጮህ ግቢ ወጥቼ ያንን ፕላስቲክ አነሳሁት። ፀሐይ ላይ ውሎ ኖሮ ጣቶቼን ለበለበኝ፣ በሻርፔ ያዝኩት። «አንተ ነህ ባሌን የምታዋርደው» ብዬ ፓራፋንጎው ላይ ለጠፍኩትና የወደቀውንም ጨምሬ ብሎኖቹን አነሳሁ። ምን ላደርግ እንዳሰብኩ እኔም አላውቅም፣ ንዴት ነው።

አንደኛው ገባ። ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛውም አራተኛውም ገባ። ስምንተኛው፣ ጠዋት ያ ሁሉ ጉድ የሆነበት፣ ጥርቅም ብሎ ገባ።

ቆምኩ። ጨርቅ ነው ትዝ ያለኝ። አዲስ ጥጥ ሳይታጠብ ቆርጠሽ ከሰፋሽው፣ ሲታጠብ ይሰበሰብና ቀሚሱ የሌላ ሰው ይሆናል፤ ይሄን ከስንት ደንበኛ ጋር ተጣልቼ ነው የተማርኩት። ሜትሬ አንገቴ ላይ ነበር። የጋለውን ቅንድብ ለካሁ። ከዚያ አልጋ ሥር ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ የተኛውን የግራ ጓደኛውን አውጥቼ ለካሁ። እኩል መሆን ነበረባቸው፣ ግን በሦስት ሚሊ ተበላለጡ።

«ሙመድ፣ ተነስ።»

«ተዪኝ።»

«ውጣ ነው የምልህ።»

«በዚህ ሐሩር?»

«ትናንት በዚሁ ሐሩር አይደል ጫማህን ይዘህ የወጣኸው?»

ዞሮ አየኝ። «ሰምተሻል?»

«ያ ትራፓኖ ሐረር ድረስ ይሰማል።»

ተከትሎኝ ወጣ። ብሎኖቹን በሙሉ ፈትቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት፣ ቀኝ እጁ ላይ። አንድ በአንድ አስገባ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ብሎኑም ይንቀጠቀጣል፣ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ግን ቀጥ ብሎ ይገባል። ስምንተኛው ሲገባ እጁን መኪናዋ ላይ አሳርፎ ቆመ።

«እጅህ አይደለም» አልኩት። «ፀሐይዋ ናት። ፕላስቲኩ ግሎ ተዘርግቶ ሳለ ምልክት አደረግክበት፣ ሌሊት በርዶት ተሰበሰበ። አንተ የበሳኸው ልክ ነው።»

የጋለውን ቅንድብ በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ዕድሜ ልኩን ብረት ነው የሠራው፣ ፕላስቲክ ሥራው አልነበረም። «ሰው በጠዋት ነበር ምልክት ማድረግ ያለበት» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ ነው። «ጥላ ውስጥ።»

«በጠዋት ሰው ያይሃላ።»

ይሄን ስለው አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ሁለት ሽማግሌዎች በቀትር ፀሐይ መኪና ተደግፈን ስናለቅስ ያየን የለም፣ ሁሉም ተኝቷል፣ በሩም ተቆልፏል።

ረቡዕ ገና በጠዋቱ ወልደ ማርያም መጣ። ጾም ስለሆነ ሻይም አልቀመሰም፣ ጾም ሲሆን ደግሞ ምላሱ ይሰላል። በሩን ከፍቼ አስገባሁትና ልዘጋ ስል ሙመድ ክብ ሞረድ ይዞ ከቤት ወጣ።

«ተዪው» አለኝ። «ይከፈት። አየር ይግባ።»

ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ሙመድ ቅንድቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በሞረድ ወደ ጎን አስረዘማቸው፣ በቀትር የሚዘረጋበት፣ በጠዋት የሚሰበሰብበት ቦታ እንዲኖረው። ከብሎኑ ራስ ሥር የሚገባ ሰፋ ያለ የብረት ቀለበት፣ ሮንዴላ፣ ከላይ ይሸፍነዋል አለ። እጁ እንደ ሁልጊዜው ይንቀጠቀጣል። ውሃ የምታመላልሰው ጎረቤታችን ሂባቅ ቆማ አየች፣ በበሩ የሚያልፍ ባጃጅ ነጂም አየ። ወልደ ማርያም ሞረዱን ሊቀበለው እጁን ዘርግቶ ነበር፣ እኔ አየሁት፣ መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ወልዴ፣ ምን ገተረህ?» አለ ሙመድ ቀና ሳይል። «ያዝልኝ እንጂ ከዚያ በኩል።»

«አቦ፣ ዓመት ሙሉ ተኝተህ ዛሬ አለቃ ሆንክ?»

አራቱም እስኪገጠሙ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት አለፈ። ኢፍራህ መኪናዋን አንዴ ዞራ አየቻት፣ የአባቷን ቀኝ እጅ ይዛ ሳመችው፣ ቁልፉን አንስታ ሐርላ ወጣች። ወልደ ማርያም ሲሄድ ሙመድ ትራፓኖውን ልሰጠው ይሆን ብሎ አየኝ፣ መደርደሪያው ላይ መልሼ እንዳስቀመጥኩት ነገርኩት።

ቀትር ላይ ሙመድ ገብቶ ጋደም አለ። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንኮራፋ። እኔ አጠገቡ ነቅቼ ስሰማው ዋልኩ። የውጭውን በር ልዘጋ ልነሳ ብዬ ነበር፣ ከዚያ ተውኩት።